ለወረቀቷ ደቦ ስጠራ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም.፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወረቀቴን የማባዛበት ገንዘብ ለመጋቢት እትም ብቻ የሚበቃ ሆኖ ቀረ።

ወረቀቴ የምላት ስለ መሪነት በየወሩ የማወጣት ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ናት። ፍኖተ ሰላም ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ስወጣ ጀመርኋት። የማንም መሥሪያ ቤት አይደለችም። ዕድር ለሚመሩ፣ የውኃ ኮሚቴ ለሚሰበስቡ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ተወካይ ሆነው ለተመረጡ ሰዎች ነው የምጽፈው፤ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ የተጣሉ አባላት እንዴት እንደሚደመጡ፣ ወንበር በሰላም እንዴት እንደሚለቀቅ። ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቼ በባጃጅና በአውቶቡስ ወደ ማንኩሳ፣ ቡሬና ገበዝ ማርያም እልካታለሁ። ወጪዋን ከጡረታዬ ስሸፍን ኖርሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎድሎብኝ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት የወረቀት ዋጋ ናረና አቃተኝ።

አንድ የቡሬ እህል ነጋዴ ይህን ሰምቶ ሁሉንም እኔ ልቻል አለኝ። ለጋስ ሰው ነው። ግን ፎቶግራፉ በፊተኛው ገጽ ራስጌ እንዲወጣ፣ ስለ እህል ገበያው ኮሚቴም ምንም እንዳይጻፍ ፈለገ። ኮሚቴውን የሚመራው እሱ ነበር። አመስግኜ እምቢ አልሁ።

የቀሩኝ አንባቢዎቼ ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ገንዘብ አምጡ ብሎ ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ዙሪያውን ይዞራል፣ ሰሚው ይረዳዋል። እኔም በመጋቢቱ እትም መጨረሻ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ «አቅሜ እየደከመ ነው። እስካሁን ያቆመኝ አምላክ ነው። ከእንግዲህ እንዴት እንደምዘልቅ እሱ ያውቃል፤ አትርሱኝ።» ጥሩ የጻፍሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የገበዝ ማርያም ዕድር መሪዎች ጸበል ይዘው መጡ። የውኃ ኮሚቴ ሴቶች ለአጥሚት የሚሆን የአጃ ዱቄት አመጡ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እግዜር ይማርሽ አሉኝ። ቡሬ የምትኖረው ልጄ ደውላ፣ ለምን ደበቅሽኝ ብላ አለቀሰች። ደኅና መሆኔን ለማሳመን ብዙ ደከምሁ። ስታምነኝ ሳቀችብኝ፤ እንግዲያው አጃውን ለእኔ ላኪው አለች።

እኔ አልሳቅሁም። የሚያዝያ እትም ቀኗ እየቀረበ ነበር። ሊጠይቀኝ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው፣ የፈለግሁት ሌላ ነው ለማለት ደግሞ አፈርሁ።

መጨረሻ የመጡት ማንኩሳ የሴቶች ማኅበር የሚመሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ወረቀቷን የማኅበሩ ጸሐፊ ታነብላቸዋለች። ሎሚ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲገቡ ጓሮ ልብስ ሳጥብ አገኙኝ። ቆመው አዩኝ።

«በሽተኛዋ አንቺ ነሽ?»

እውነቱን ነገርኋቸው። ተቀመጡና ጠየቁኝ።

«ደቦ ስትጠሪ፣ ጉልበቴ ደከመ ብለሽ ዝም ትያለሽ?»

«አይ፣ እማማ።»

«ቀኑን ትቆርጫለሽ። ማሳውን ታሳያለሽ። አጨዳ ይሁን አረም ትናገሪያለሽ። ሰውም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። አንቺ ማሳሽን ደብቀሽ አገሩን ጸበል አስያዝሽው።»

ቀጥለውም፣ ወረቀቷ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ማኅበራቸው ገንዘብ ያዥ የለወጠው ያለ ጠብ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም አሉ። ሲነሡ ሎሚውን ፈትተው አስቀመጡልኝ።

«ለደቦ ያልተጠራ ጎረቤት ይቀየማል፣ ልጄ። እኔም ተቀይሜሻለሁ።»

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ ተመለስሁና ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። ነጋዴው ለፎቶግራፉ በፈለገው ቦታ፣ በገጹ ራስጌ ላይ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አልታመምሁም፤ ስለጠየቃችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎደለኝ ወረቀቷን የማባዛበት ገንዘብ ነው። የምትችሉ በየወሩ የአቅማችሁን ብር ስጡ። የማትችሉ እንደ ወትሮው በነጻ አንብቡ። የሚያዝያ እትም የምትወጣው እናንተ ከደረሳችሁላት ነው።»

ከመጋቢቱ እትም የተረፈኝ ጥቂት ብር ይህችን አንድ ገጽ ለማባዛት ይበቃ ነበር። ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ።