«ሆዷን ነው» አልኩት

«አቦ፣ ሆዴን አትበይ!» ብዬ ዛሬ ሐኪም ቤት ውስጥ ልጄ ላይ ጮህኩ። ሁለት ወር ሙሉ ደም እየፈሰሳት፣ ዶክተሯ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብትላት «ሆዴን» አለቻ!

የማህፀን ዕጢ ነው፣ ካንሰር አይደለም ተባልን። ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት ታዘዘላት፤ እምቢ ካለ ዕጢው ብቻ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንገበገበኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ድሬ፣ እናቴን ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። እሷ ከኦሮምኛ ሌላ አታውቅ፣ አካሚው ድሬሰር ከአማርኛ ሌላ አያውቅ፤ አስተርጓሚዋ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ እኔ። «ዺጋ፣ ዺጋ» ትለኛለች፤ ደም ማለቷ ነው። ከኋላችን የአባቴ ጓደኞች፣ የባቡር ሠራተኞቹ፣ ወረፋ ይዘዋል። አፈርኩ። «ሆዷን ነው» አልኩት።

የኮሶ መድኃኒት ሰጣት፤ መርቃው ወጣች። ደሙ ሳይቆም በዓመቱ ቀበርናት። ለቀስተኛው ሁሉ «ሆዷን አሟት ነው» አለ።

የኛ ከተማ ሰው በአራት ቋንቋ ይነግዳል፣ በአራቱም ይሳደባል፤ ማህፀን የሚለውን ቃል ግን በአንዱም አይደፍርም።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት «ሆዷን አሟት» የሞተችው ማናት?