ፈሰሰ ያልኩት አክታ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ፊቴን ስለማታዩ ይቀለኛል።

ጁባ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ያኔ ስለ አንድ የፕሮቲን ቤተሰብ ሳነብ ነበር የምከርመው። ባክቴሪያው ላዩ ላይ የሚደርባቸው ልብሶች በሏቸው፤ አንዳንዶቹን ለአዲስ ክትባት እየሞከሯቸው ነው። የእኛ የጁባው ባክቴሪያ ምን ለብሶ ይሆን? ክትባቱ ሲመጣ ይለየው ይሆን? ነገሩ ከነከነኝ።

አንድ ዓርብ ኛቦል የምትባል ታካሚ ውጤት ወጣ፤ በሽታው አለባት። ኛቦል ማንጋቴን በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር የምትኖር፣ ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የማያንስ እናት ናት። ያመጣችው አክታ በምርመራው አልቋል። እኔ ደግሞ መድኃኒት ጀምራ ባክቴሪያው ሳይዳከም ሌላ አክታ ለራሴ ፈለግሁ። «እህቴ፣ ዕቃው ፈሶ ነው፤ ሰኞ ሌላ ይዘሽ ነይ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ማንም አላዘዘኝም።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ዶክተር» ብላኝ ሄደች። ዶክተር አለመሆኔን እንኳ አልነገርኳትም። ከሁለት ዓመት ሴት ልጇ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እንደምትተኛ ግን ፎርሙ ላይ የሞላሁት እኔው ነበርኩ። አውቅ ነበር።

ሰኞ አመጣች፤ ዓርብ የደበቅኋትን ውጤት ሰጠኋት፣ መድኃኒት ጀመረች። ለራሴ ያስቀረሁት አክታ ጀነሬተር ቆሞ ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ተበላሸ። ከእሱ አንዲት ነገር አላወቅሁም።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ታመመች። ከእናቷ ይያዛት አይያዛት በላቦራቶሪ ማወቅ ይቻላል፤ በየትኛው ቀን እንደያዛት የሚነግር መሣሪያ ግን የለም። «ከዓርብ በፊት ይሆናል» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን መሰላችሁ? የልጅቷ ናሙና እጄ ሲገባ መጀመሪያ የመጣብኝ ያው ጥያቄ ነበር፦ ልብሱ ከእናቷ ጋር አንድ ይሆን? እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ኛቦል ተራ ለሚጠብቁ ሴቶች «እሳቸው ጠንቃቃ ናቸው፤ እንዳይሳሳቱ ብለው ሁለቴ ነው ያስመጡኝ» ስትል ሰማኋት። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ነገ የልጅቷን መድኃኒት ልትወስድ ትመጣለች። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእሷ እነግራታለሁ። ልጅቷን ታቅፋ ትመጣ ይሆን?