የወሌናው ዱቄት ክብደት

ማክሰኞ፣ ኅዳር ሰባት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር። የእህቴ ናሙና ንጽሕና ተለክቶ ዘጠና አንድ ነጥብ ስድስት በመቶ ሆነ። መምህሯ ያስቀመጡላት ዝቅተኛ መስፈርት ዘጠና አምስት ነበር።

እህቴ ዲላ ውስጥ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ናሙናው ከወሌና ልጣጭ ያወጣችው ነጭ ዱቄት ነው። ወሌና የምንለው ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ነው። ልጣጩን ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ካለው ጓሯችን የገፈፈላት አባታችን ነበር። አባታችን በነሐሴ ሞተ። ለቅሶ ደራሹ በዝቶ አግዳሚ ወንበር ሲያልቅ፣ ጎረቤቶች ያንኑ ዛፍ ጥለው ግንዱን ድንኳኑ ውስጥ አጋደሙት። ወሌና ለመጥረቢያ አያስቸግርም። ሦስት ቀን ተቀመጥንበት። እህቴ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ያወቀችው በሁለተኛው ቀን ነው። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከዚያ ዛፍ ልጣጭ የተረፈው እህቴ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያኖረችው ዱቄት ብቻ ሆነ፤ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ከሌላ ዛፍ እንደገና መጀመር ወራት ይፈጃል፤ የትምህርት ጊዜዋ ደግሞ ጥር ላይ ያበቃል።

እኔ ዘጋቢ ነኝ። በጥቅምት መጨረሻ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ብልቃጡን ያዝኩላት፤ መምህሯ የጠየቁት መለኪያ ያለው እዚያ ነው።

«እንደ እንቁላል ያዘው» አለችኝ መናኸሪያው በር ላይ። «እንዳትከፍተው ደግሞ። እናንተ ጋዜጠኞች የተዘጋ ነገር አይሆንላችሁም።»

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ያለ ፈቃድ የሚወጣ ቡና የሚፈትሹ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። ይዘንብ ነበር። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ፈታሽ ብልቃጡን ከኮቴ ኪስ አወጣው።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ከዛፍ ልጣጭ የወጣ ነው። ላቦራቶሪ ልወስደው ነው።»

«ልጣጭ ነጭ ይሆናል እንዴ? ይክፈቱት እስቲ።»

ከኋላዬ የቆመች ሙዝ ነጋዴ «ስኳር ከሆነ ለብቻህ አትላሰው፣ ለእኛም አዳርስ!» አለች። ሰው ሳቀ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል።

ምንነቱን የሚገልጸው ደብዳቤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በተጫነው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ማስወረድ ይቻል ነበር። አላስወረድኩም። ብልቃጡን ከፈትኩት። ፈታሹ አሸተተው፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ክዳኑ ከእጁ አምልጦ እርጥብ መሬት ላይ ወደቀ። አንስቼ በመሐረቤ ጠረግኩትና ገጠምኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ብልቃጡ አራት ደቂቃ ክፍት ቆይቷል።

አዲስ አበባ ላቦራቶሪው ውስጥ ተራው እስኪደርስ አሥራ ሁለት ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የላቦራቶሪው ባለሙያ አጠገቡ አስቀምጦኝ እያሳየኝ ሠራው። ከዱቄቱ ጥቂት መዘነ። ንጽሕናው አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ንጥረ ነገርም መዘነ። ሁለቱን አንድ ላይ አሟሙቶ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ከተታቸው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ለራዲዮ ሞገድ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ስክሪን ላይ ጉብታ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። የታወቀው ጉብታ ካልታወቀው ጋር ሲነጻጸር፣ ከተመዘነው ዱቄት ስንቱ በእርግጥ የተፈለገው ነገር እንደሆነ ይታወቃል።

«ዲላ ባለው መሣሪያ ዘጠና ስምንት ነበር» አልኩት።

«ያኛው መቶኛውን የሚያሰላው ካየው ነገር ብቻ ነው። ውኃን አያይም። እኛ ጋ ሚዛን ላይ የወጣው ሁሉ ይቆጠራል። ዱቄቱ እርጥበት አግኝቶት ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

መዝገቡ ላይ «አይታወቅም» ብሎ ጻፈ።

የተረፈውን ይዤ ረቡዕ ከሰዓት ዲላ ገባሁ። ውጤቱን በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ስለ ኬላው ግን አልነገርኳትም። እህቴ ላቦራቶሪው ውስጥ የሥራ ደብተሮቿን ዘርግታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስህተቷን ትፈልግ ነበር። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትምህርት ለማቋረጥ የተጻፈ ማመልከቻ አለ። አልፈረመችበትም።

«ማጣራቱ ላይ ነው የተበላሸው» አለች። «ያኔ ከለቅሶ እንደተመለስኩ ነበር የሠራሁት። እጄ ይሠራል እንጂ እኔ አልነበርኩም።»

«ኬላ ላይ ተከፍቷል» አልኳት።

ቀና አለች። «ስንት ደቂቃ?»

«አራት። ክዳኑም እርጥብ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።»

«ይዘንብ ነበር?»

«ይዘንብ ነበር።»

«ለላቦራቶሪው ሰውዬ ነግረኸዋል?»

«አላውቅም ነው ያልኩት።»

«ለአገሩ ሁሉ ዜና ታወራለህ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጓንቷን አጠለቀች፣ የተረፈውን ዱቄት መዘነች፦ ዜሮ ነጥብ ሁለት አንድ አራት ዜሮ ግራም። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፈችና ዱቄቱን ማድረቂያ ምድጃው ውስጥ አስገባች።

«ውኃ ይስባል ብዬህ ነበር» አለች። ያለችኝ እንዳትከፍተው ብቻ ነበር። «ዘጠና ስምንቱ እውነት ከነበረ፣ ልዩነቱ ውኃ ነው፤ ሲደርቅ ከዜሮ ነጥብ ሁለት ግራም በታች ይወርዳል። ካልወረደ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማመልከቻውን እፈርማለሁ።»

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ዱቄቱን ከምድጃው አውጥታ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ የመስታወት በሩን ዘጋች። ቁጥሩን እኔ እንዳነብላት ጠየቀችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐሙስ፣ ኅዳር ዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ሚዛኑ ዜሮ ነጥብ አንድ ዘጠኝ ስምንት ስምንት ግራም አሳየ።