በግራ እጅ የገባች ኳስ

ሰሞኑን ሮቤ ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ የገብሱ ብናኝ አፍንጫዬን ሞልቶት፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ስልክ እያዩ የዘመናት ምርጥ የቅርጫት ኳስ አምስት ሲያሰልፉ ሰማኋቸው። አንዱ «ያንተን ረጅም የእኔ አጭር ከሥሩ ሾልኮ ይጨርሰዋል» ይላል፣ ሌላው ወላሂ እያለ ይምላል። የገብስ ብናኝና የኳስ ክርክር አንድ ላይ ሲመጡብኝ እፈራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆች ድሬ ኩዬ፣ ዞር ብዬ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፈለግሁ።

በደርግ ጊዜ የባሌ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። ቢሮው እዚያ፣ ሆስፒታሉ እዚያ፣ በሲሚንቶ የተለሰነው የቅርጫት ኳስ ሜዳም እዚያ ነበር። እኛ ሮቤዎች ያለን ከጥይት ሳጥን ጣውላ የተሠራ ሰሌዳ፣ ከበርሜል ቀለበት የተሠራ ቅርጫት፣ ከሲናና በኩል እየመጣ ኳሱን አየር ላይ አቅጣጫ የሚያስቀይር ንፋስ ነው። ጎባዎች «ሮቤዎች ካገቡ ንፋሱ ነው፣ ከሳቱ ራሳቸው ናቸው» እያሉ ያሾፉብን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ግን ንፋስ ኖረም አልኖረም ያገባ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሰፈራችንን ማሰስ ሲጀምር እናታችን ጀማልን ጓዳ ውስጥ ባለው ጎታ ደበቀችው። በጭቃና በእበት የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚያልፍ የእህል ማስቀመጫ ነበር፤ ገብሱን የመንግሥት እህል ኮታ ሰብሳቢዎች ወስደውት ባዶውን ቆሟል። ለጠየቀ ሁሉ «ከተራራው ማዶ ሪራ አጎቱ ዘንድ ለማር ቆረጣ ሄዷል» እንላለን። ያ አንድ ሜዳ የማይበቃው ረጅም ልጅ ጉልበቱን ወደ አገጩ አጥፎ ብናኝ ሲተነፍስ ይውላል፤ ሳል ሲመጣበት ጋቢውን ይነክሳል። የእኔ ሥራ ደግሞ ሳሉ እንዳይሰማ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ሆነ። ከልጅነቴም ለፍላፊ ስለነበርኩ ማንም አልጠረጠረኝም።

ከአንድ ሰው በቀር፤ ወይም እኛ እንደዚያ መሰለን። ጋሽ ታደሰ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ የአጥር ጎረቤታችን፣ በወጣትነታቸው የጎባ ተጫዋች ነበሩ። አመሻሽ ላይ ለሌሊቱ ጥበቃ፣ ለሮንድ ከመውጣታቸው በፊት ይመጣሉ፣ ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፣ ጀርባቸውን ለጓዳው መጋረጃ ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ እናቴ ከገብስና ከቅቤ የለወሰችውን ጭኮ እየቆረሱ «እስቲ ዘይነባ፣ አምስትሽን አሰልፊ» ይሉኛል። እሳቸው ከጎባ፣ እኔ ከሮቤ፣ ከድሮ እስከ ዘንድሮ ያሉትን እንመርጣለን። ሕጉ የእሳቸው ነበር፤ በዓይን ሲጫወት ያልታየ አይሰለፍም። ከዚያ ማን ማንን ይይዛል፣ የማን ቁመት በማን ፍጥነት ይበለጣል እያልን እንፋለማለን። እናቴ እሳቸው በወጡ ቁጥር «ይህ ሰውዬ ጭኮ ፍለጋ አይደለም የሚመጣው» ትላለች። ባልከራከር ምን ነካት ይላሉ፤ ብከራከር ከአምስቱ አንዱ ጀማል ነው፣ ስሙን ሳልጠራ አላመልጥም።

አንድ ምሽት ጋሽ ታደሰ ጀማልን ከቡድኔ ሊያስወጡት ቆርጠው መጡ። «ወንድምሽ ግራ እጅ የለውም» አሉ። «የእኔ አጭር ቀኙን ከዘጋበት አለቀለት።»

«ጎባ ላይ ያሸነፈበትን ኳስ ረሱት እንዴ?» አልኩ።

«እዚያው ነበርኩ። በቀኙ ነው ያገባት፤ ያውም ተገፍታ የገባች ኳስ!»

በየትኛው እጁ እንዳገባት ትዝ አላለኝም። ያኔ ነው ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከጎታው ሆድ ውስጥ፣ ያ ዝምታን ለብዙ ጊዜ የቻለ ልጅ ይህችን መቻል አቅቶት የጮኸው። «በግራ ነው ያገባኋት!»

እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ታደሰ አልዞሩም። የያዙትን ጭኮ አላምጠው ዋጡ፣ ጣታቸውን ጠረጉና እኔን አዩኝ። «ድምፅሽ ጎረነነ ዘይነባ። ብርድ መቶሻል፣ ትኩስ ነገር ጠጪ» አሉኝ። ጠመንጃቸውን አንስተው ወጡ።

አሳሾቹን ሊጠሩ ሄዱ ብለን አመንን። ሌላ ምን ልናምን እንችል ነበር? ጎህ ሳይቀድ እናቴ የተረፈውን ጭኮ በስልቻ ቋጥራ ጀማልን በሰነቴ ተራራ በኩል ወደ እውነተኛው ሪራ ሰደደችው። ጭጋጉ ከደጃፋችን ይጀምራል። «ነገያን ገሊ» አለችው፣ በሰላም ግባልኝ። እሱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «በግራ ነው እሺ? እንዳያታልሉሽ» አለኝና ሄደ።

ያን ቀን ማንም አልመጣም። ሲመሽ የመጡት ጋሽ ታደሰ ብቻ ናቸው። እንደ ወትሮው ጠመንጃቸውን አስደገፉ፤ ወንበራቸውን ግን አዙረው ፊታቸውን ለመጋረጃው ሰጡ። ከወትሮው ጮክ ብለው «ሳስብበት አደርኩ» አሉ። «ግራ ካለውማ አጭሩን አስወጥቼ ረጅሙን አስገብቻለሁ። እስቲ አሁን ምን ይመለሳል?»

እንደሄደ ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ ጎታው ባዶ ነው ማለት ሰው ነበረበት ማለት ነው። እሳቸው ግን ያን ክረምት ሙሉ እየመጡ ወደ ባዶው ጎታ ሲከራከሩ ከረሙ። አሳሾቹ ግራ ቀኝ ያለውን ቤት ሁሉ ሲፈትሹ እሳቸው ደጃፋችን ላይ ቆመው «እዚህ ሴቶች ብቻ ናቸው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» እያሉ መለሷቸው። አጎቴ በኋላ ከሪራ ሲመጣ ጀማል እሱ ዘንድ እንዳልደረሰ ነገረን። የሰነቴ ብርድ ይሁን የአፈሳ መኪና፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እነዚያ የወፍጮ ቤቱ ጎረምሶች በነጻነት ሲጯጯሁ ቀናሁባቸው። ወንድሜን አጣሁ፤ ግን ደግሞ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተቀምጦ ጭኳችንን የሚበላ ደግ ሰው እያለልን እሱን ማመን አቃተን፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ጋሽ ታደሰ አሁን በሕይወት የሉም። እኔ የማስባቸው እንደዚያ ክረምት ነው። ወደ መጋረጃው ጠጋ ብለው «ግራ ቢኖረውም ቁመት ያንሰዋል!» ብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያ ጭኳቸውን ይዘው መልስ ይጠብቃሉ።