ከባሕር ሥር ያለው የአባቴ ተራራ

አባቴ ኤሌውቴሪዮ በሁዋን ፈርናንዴስ ደሴት አርባ ዓመት ሎብስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ አጥምዷል። ሎብስተሩ የሚበዛበትን፣ ባሕር የዋጠውን የጠፋ እሳተ ገሞራ ጫፍ የሚያገኘው ከጀልባው ሆኖ በደሴቷ ላይ ያሉ ሁለት ቋጥኞችን አንዱን ከሌላው ፊት በዓይኑ አሰልፎ ነው። የትኞቹ ቋጥኞች እንደሆኑ ለእኔ ለልጁ እንጂ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አልነገረም።

አንድ ቀን የጥልቀት መለኪያ የያዘ የጂኦሎጂ ዶክተር አብሮን ጀልባ ላይ ወጣ።

«ስማ ዶክተር፣ ፊትህን ወደ ባሕሩ አዙር!» አለው አባቴ። «ወደ ደሴቷ ሰርቀህ እንዳታይብኝ!»

ሰውየው ዞሮ ተቀመጠ። አባቴ ቋጥኞቹን አሰለፈና ሞተሩን አጠፋ።

«ጥልቀቱ አርባ ሜትር» አለ።

መሣሪያው አርባ አንድ አለ።

«አንዷን ያንተ ዕቃ ነው የጨመራት!»

ዶክተሩ ተደነቀ። «አባት፣ ተራራውን በስምዎ ካርታ ላይ ላስፍረው?»

«ስሜን ጻፍ» አለ አባቴ፤ «ቦታውን ግን ተወው።»