«እምቢተኛ» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

አሶሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ጋዋን ለብሻለሁ። ደረቱ ላይ «ዶክተር» የሚለው ቃል ከስሜ ገዝፎ ተጠልፏል። የማውቀውም ያንኑ ያህል ይመስለኝ ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ የሳንባ ስፔሻሊስቷ ዶክተር ዘነበች ነበሩ። ጠዋት ሕሙማኑን ልናይ ራውንድ ስንወጣ ተለማማጅ ሐኪሞቹ፣ ኢንተርኖቹ፣ እንደ ሠርግ አጃቢ ተከተሉን።

አራተኛው አልጋ ላይ ከመንጌ የመጣ ወርቅ አጣቢ፣ ኢድሪስ ተኝቷል። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ አቋርጧል፤ አሁን ደም እየተፋ ተመልሷል። እኔ ማለዳ ተቀብዬው ካርዱ ላይ «እምቢተኛ» ብዬ ጽፌአለሁ።

ታሪኩን በእንግሊዝኛ አንበለበልኩት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቼ እንደ ባንዲራ አውለበለብኩ። ኢንተርኖቹ ተደነቁ። ኢድሪስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እንግሊዝኛህ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛውስ?» አሉኝ ዶክተር ዘነበች።

«መድኃኒት እምቢ ብሏል።»

«ማን አለ?»

«ካርዱ።»

«ካርዱን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

አንዱ ኢንተርን ሳቁን ሳል አስመሰለው። እሳቸው ወንበር ስበው ኢድሪስ አጠገብ ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ኪኒኑን ለምን ተውከው?»

«ኪኒን ዋጥኩ፣ ሽንት ቀይ ሆነች። ደም ነው አልኩ። ወላሂ፣ ፈራሁ።»

«ለሐኪም አልነገርክም?»

«ሐኪም ቶሎ ቶሎ ነው። ወረቀት ብቻ ያያል። ሽንት ደሞ ነውር ነው።»

«የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። እንባህንም ሊያቀላው ይችላል፤ አትፍራ» አሉት። ኢድሪስ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። እስኪያባራለት ጀርባውን ደግፈው ጠበቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «‹እምቢተኛ›ን ሰርዝ። ‹አልተነገረውም› በል። ከሥሩ ፈርም፤ ፊርማህንም አሳምረው።»

በኢንተርኖቹ ፊት ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ፊርማው ግን አላማረም።

ኢድሪስ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። በኋላ አንድ የሚያስል ጎረቤቱን እየጎተተ መጣ፤ ሲመረመር እሱም ቲቢ ተገኘበት። ስለ መድኃኒቱ አፌን ሳልከፍት ኢድሪስ የሽንቱን ነገር በአገራቸው ቋንቋ፣ በበርታኛ፣ ለጎረቤቱ አስረዳልኝ። ለእኔ የተረፈኝ ማዘዣ መጻፍ ብቻ ነበር።

ዛሬ እኔም የሳንባ ሐኪም ሆኜ ኢንተርኖችን አስተምራለሁ። እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ለምን እንዳቋረጠ ጠይቁት። መልሱን ሳትሰሙ ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ።»