መስኮቱ ላይ የሚወጣው ካውያ

ልብስ ሰፊው የከሰል ካውያቸውን መስኮቱ ላይ ካወጡ ስብሰባ አለ ማለት ነው። ካላወጡ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ያኔ ሁላችንም ናዝሬት በምንላት በአዳማ፣ በደርጉ ዘመን የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ እሑድ እሑድ የምንገናኘው በዚህ ዘዴ ነበር። ካውያውን ሊያናፍስ ያወጣ ልብስ ሰፊ ማንን ያስጠረጥራል? ጠዋት አንድ በአንድ፣ ጊዜ እያራራቅን እንገባለን። ጫማችንን በር ላይ አንተውም፤ አውልቀን በእጃችን ይዘነው እንገባለን። ብዙ ጫማ የተደረደረበት ደጃፍ ብዙ ሰው እንዳለበት ያሳብቃል። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። መንገድ ላይ ብንተያይም ሰላምታ የለም። ይህን ሁሉ ሕግ ያወጡት ልብስ ሰፊው ራሳቸው ናቸው።

እኔ ወንጂ የአገዳ ቆራጮችን ልጆች አስተምር ነበር። ናዝሬት ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ፤ አከራዬ ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ለእኔ ቤተሰብ ማለት ያ የልብስ ሰፊው ቤት ነበር።

ልብስ ሰፊው የሚያስተምሩት ሁሌ አንድ ነገር ነው። እግዚአብሔር የራሱን ሰዎች ዓለም ሳይፈጠር መርጧል፤ የተመረጠ አይጠፋም፤ የወደቀ ካለ ከመጀመሪያውም የእኛ አልነበረም። ወንድሞቻችን በታሰሩበት ጊዜ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነበር። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ከተመረጡት ጋር ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደስ የሚል ትምህርት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ በእምነታችን የተጠረጠርነውን ለይተው አቆሙን። ግራ እጃችንን አንሥተን ከሁሉም በላይ አብዮቱ እንድንል ታዘዝን። አጠገቤ ከማኅበራችን የሆነች አንዲት ልጅ ቆማለች። እጇን አላነሣችም፤ ወሰዷት። እኔ አነሣሁ። እጄ ሳላስበው ተነሣ ብል ደስ ባለኝ። አስቤበት ነው ያነሣሁት፤ ሥራዬን አሰብኩ፣ እስር ቤቱን አሰብኩ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ አልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ካውያው ወጥቷል። እስከ በሩ ተጠጋሁና አለፍኩ። ማፈሩንስ አፍሬ ነበር፤ የባሰብኝ ግን ትምህርቱ ነበር። ወድቄያለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም አልተመረጥኩም። እናቴ ሳትወልደኝ፣ ዓለም ሳይፈጠር ተትቻለሁ። ተናደድኩ። ካልፈለገኝ መዝሙሩን ለምን አስወደደኝ እያልኩ ክፍሌ ውስጥ አለቀስኩ። ለአከራዬ ሚስት ጉንፋን ይዞኛል አልኳት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ የማያልቅ ቀን ሆነብኝ። የጋሪውን ኮቴ እሰማለሁ፣ ንጹሕ ልብስ መልሼ አጥባለሁ፣ በመጨረሻ እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል። ካውያው አለ። ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ በፍጥነት አልፋለሁ። አንድ እሑድ እሱን ላለማየት ብዬ በጠዋት ቆቃ ሄጄ ግድቡ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ አሁንም መስኮቱ ላይ ነበር። ዛሬ ደግሞ ምን ያህል ቢደሰቱ ነው ይህን ሁሉ ሰዓት የሚቆዩት ብዬ ቀናሁ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ እኔ እንደዚያው ነኝ።

አንድ እሑድ ካውያው አልነበረም። በሚቀጥለውም የለም። ሳላውቀው በሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። የልብስ ሰፊው ባለቤት ስንቅ አንጠልጥለው ሲወጡ አገኙኝ።

“አካም ቡልቴ፣ ልጄ። ዛሬስ ቆምሽ።”

“ካውያው...” አልኩ።

“የሚያወጣው ሰውዬ ታስሮ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው።”

“ሌሎቹስ ታዲያ የት ይሰበሰባሉ?”

ገርሟቸው አዩኝ። “ሌሎቹማ እዚህ መምጣት ከተዉ ቆዩ። አንቺ የቀረሽ ሰሞን ነው ቤት የቀየርነው። ሰው ሲቀር ቤቱም ምልክቱም ይቀየራል፤ የሱ ሕግ አይደል?”

“ካውያውን ግን ሁልጊዜ አየው ነበር እኮ።”

“ላንቺ ነዋ የሚያወጣው። እኛ ወደዚያኛው ቤት ስንሄድ እሱ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ያወጣዋል፣ ሲመሽ ያስገባዋል። አንድ ቀን፣ የወደቀ የእኛ አልነበረም ትል የለም ወይ፣ አልኩት። አዎ እላለሁ አለኝ። ብሎም ካውያውን አወጣ።”

“ለምን አላስጠሩኝም?”

“የአብዮት ጥበቃ ግቢ አይደለም ወይ የምትኖሪው? በየት በኩል ይምጣ?”

ስንቁን አብሬያቸው ልውሰድ ብዬ ለመንኳቸው፤ ለሁለታችንም አይበጅም አሉና ቤቱን ትተውልኝ ሄዱ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁ። ካውያውን ከጥግ አንሥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። የሚመጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ባዶ ሲሆን ማየት ስላልቻልኩ ነው። ከዚያ ከስፌት መኪናው ኋላ፣ እሳቸው የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

ከውጭ ሲያዩት መጋረጃው ውስጡን አያሳይም። ከውስጥ ግን መንገዱ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከማዕዘኑ ብቅ ስል፣ መስኮቱን አይቼ ፊቴን ሳዞር፣ እርምጃዬን ሳፈጥን፣ በእያንዳንዱ እሑድ ሁሉንም እዚህ ተቀምጠው አይተውታል።